ለመንገድ የተቀመጠችው ውሻ

ዛሬችዬ መንደር፣ ማርች 9 ቀን 1957

ለልጄ ለክላቭዲያ፣

ከአባትሽ የአክስት ልጅ ከፕሮኮፊ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ያለ ሰላምታ ይድረስሽ። እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ሞስኮም የእንጀራ እናት አትሁንብሽ። እኔን ከጠየቅሽ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ፈረሶቹም ደህና ናቸው። በረዶው ግን ገና አለቅም ብሏል።

ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። እኔ እናገራለሁ፣ ፖስተኛዋ ኡስቲንያ ትጽፋለች። ያልወደደችውን እየዘለለች እንደሆነ እጠረጥራለሁ። (አልዘልም። ግማሹ ስድብ ስለሆነ ነው፤ ለስድብ ቴምብር አላባክንም። ኡስቲንያ ነኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። አራት ዓመት ሙሉ ሰውን በድምፁ፣ ፈረስን በሽታው ነው የምለየው። የወረዳው ሐኪም ሞስኮ ሄደህ ይገፈፍልህ አለኝ፤ ለኤፕሪል አጋማሽ አልጋ ተይዞልኛል። የቸገረኝ ሜቴልካ ናት። ጅራቷ ወለሉን ስለሚጠርግ ሜቴልካ፣ መጥረጊያዬ፣ ያልኳት ያቺ ነጭ ውሻ። ጠዋት ወደ ጋጣ የምትመራኝ እሷ ናት፤ ከሌላ ሰው እጅ አትበላም። ኡስቲንያ ቤት እንዳልተዋት የዚያች ቤት ውሻ በሰንሰለት ታስሮ ያደገ አውሬ ነው። (እውነት ነው። ኡ.) ይዣት ልምጣና እስክድን አንቺ ዘንድ ትቆይልኝ።

አታስቸግርሽም። እኛ ቤት መንገድ ከመውጣታችን በፊት ዝም ብለን ቁጭ እንደምንል ታስታውሻለሽ። ሜቴልካ ይህን ከሰው በላይ ተምራለች። ቆቤን ደፍቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ስቀመጥ ቦት ጫማዬ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ድመት ቢያልፍ እንኳ ጆሮዋን አታነሳም። ተነስቼ «በይ፣ እግዜር ይምራን» ስላት ብቻ ትነሳለች። ባለፈው ክረምት ለመንገድ እንደተቀመጥን ኡስቲንያ ጥጃ ጠፋ እያለች ገባች። ረስቻት በጓሮ በር ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ እዚያው ቁጭ ብላለች። አፍሬ ጉንጯን ሳምኳት።

በጦርነቱ የረሃብ ክረምት፣ ከተከበበችው ከሌኒንግራድ አንቺን በባቡር አምጥተው የስምንት ዓመት አጥንት ሆነሽ ሲሰጡኝ፣ በየመንደሩ ውሻ የበሉ ሰዎች ነበሩ። እኛ የሜቴልካን አያት አልበላንም። ከድንች ልጣጩ ድርሻዋን ሰጠናት፤ እሷም ማታ ማታ እግርሽ ላይ ተኝታ አሞቀችሽ። ውለታ ልቆጥር አይደለም፤ ዘመድነታችሁን ለማስታወስ ነው።

አጎትሽ ፕሮኮፊ


ሞስኮ፣ ማርች 24 ቀን 1957

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ተደብቄ ነው ያነበብኩት፤ የኡስቲንያ ጣልቃ ገብነት በጣም አሳቀኝ።

ሜቴልካን በደስታ እቀበላታለሁ። እርግጥ የምኖርበት ቤት ሰባት ቤተሰብ በአንድ ወጥ ቤት የሚጣላበት ነው። ግን ሥራዬ ከእንስሳት ጋር ነው። አንድ ተቋም ውስጥ ውሾችን አበላለሁ፣ አጥባለሁ። ለምን እንደሚጠበቁ አይጠይቁኝ፤ ብጠየቅም አልመልስም፣ ፈርሜያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ቤት ቢጠባት ቀን ቀን እዚያ ይዣት እውላለሁ።

የያቺን የአያቷን ሙቀት እግሬ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። ባቡር ጣቢያ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

ልጅዎ ክላቭዲያ


ዛሬችዬ፣ ሜይ 20 ቀን 1957

ለልጄ ለክላቭዲያ፣

እንዴት ከርመሻል? እግዜር ይስጥሽ፤ ሆስፒታል ያመጣሽልኝን ሾርባ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቤቴ ገብቻለሁ። ዓይኖቼ በፋሻ እንደታሰሩ ናቸው፤ ሐኪሙ ቁስሉ እስኪደርቅ እንዳልጎነበስ፣ ከባድ እንዳላነሳ ከልክሎኛል። ከሁሉ የከፋው፣ ውሻ እስከ ኦገስት ቤትህ እንዳትገባ አለኝ። ፀጉሯና ምላሷ ቁስሉን ያመረቅዘዋል አለ። የሜቴልካ ምላስ ከሱ እጅ ንጹህ ነው ብዬ ልነግረው ነበር። (ነግሮታል። ነርሷ ናት የገላገለቻቸው። ኡ.)

ጣቢያው ላይ ሦስታችን ለመንገድ ስንቀመጥ እኔን ነርሷ አጣድፋ ባቡር ውስጥ ከተተችኝ። ቃሉን አንቺ እንድትነግሪያት በመስኮት ጮኼ ነበር። ነገርሻት? እዚያው አግዳሚ ሥር ቁጭ ብላ ቀርታ ይሆን እያልኩ ሦስት ጣቢያ እስክናልፍ ተቁነጠነጥኩ። ኡስቲንያ ትስቅብኛለች፤ ትሳቅ።

ትበላለች? የአጃ ዳቦ በወተት አርሰሽ ስጫት። የግራ ጆሮዋ የታጠፈው ውስጡ ያሳክካታል፤ እከኪላት። የደረቀ እንጉዳይ ልኬልሻለሁ፤ እሱ ላንቺ ነው።

አጎትሽ


ሞስኮ፣ ጁን 16 ቀን 1957

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከነፍቅሬ ይድረስዎ። ቃሉን ያኔውኑ ነግሬያታለሁ፤ ተነስታ በባቡሩ ሐዲድ በኩል ትንሽ አየችና ተከተለችኝ። ከእጄ ትበላለች። ጆሮዋንም አካታለሁ።

ጎረቤቴ ፀጉሯ ሻይዬ ውስጥ ገባ ብላ ለቤቶች ኮሚቴ ከሰሰችኝ። ስለዚህ አሁን የምታድረው እኔ የምሠራበት ግቢ፣ ከሌሎቹ ውሾች ጋር ነው። አይስጉ፣ ቤታቸው ይሞቃል፣ ሥጋ ይበላሉ። ሜቴልካን ሁሉም ወደዳት። ሌሎቹ በጠባብ ቦታ ሲቀመጡ ይጮኻሉ፣ ማሰሪያውን ይነክሳሉ። እሷ አጠገቧ ቁጭ ካልኩ ሰዓታት ትቀመጣለች። ትናንት ኃላፊያችን ቆሞ ሲያያት ቆየና «እንዲህ ያለች ውሻ በሕይወቴ አላየሁም» አለ። ኮራሁባት። ለእርስዎ ልነግርዎ ቸኮልኩ።

ስኳርና ሎሚ ልኬያለሁ። ለኡስቲንያም ክር አለበት።

ልጅዎ ክላቭዲያ


ዛሬችዬ፣ ጁላይ 22 ቀን 1957

ለልጄ ለክላቭዲያ፣

እልል በይልኝ! ፋሻው ወለቀ። መጀመሪያ ያየሁት የኡስቲንያን ፊት ነው፤ ሐኪሙ ዓይን ላይ ሸክም አታብዛ ማለቱን ረስቼ። (ይህን የጻፍኩለት በክርስቲያንነቴ ነው። ኡ.) ቤቴ እንዲህ መቆሸሹን አላውቅም ነበር። ጣራዬ ያፈሳል። እጄ አርጅቷል። ግን አያለሁ፣ ልጄ፣ ወንዙን ከነማዶው አያለሁ! ፊደል ግን ገና ይደበላለቅብኛል።

አሁን አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሜቴልካን አንስቼ ያሳደግኳት ዓይኔ በደከመ ሰዓት ነው። ነጭነቷን እንደ ጉም ነበር የማየው። ጆሮዋን በእጄ፣ ጅራቷን በድምፁ አውቃለሁ፤ ፊቷን ግን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። ዓይኗ ምን ዓይነት ነው? አትንገሪኝ፣ ራሴ ልየው።

ኦገስት 20 የኅብረት እርሻችን መኪና የተልባ ቃጫ ጭኖ ሞስኮ ይገባል። ሾፌሩን ሳቭቫን ታውቂዋለሽ፣ ቤንዚን የሚሸተው ረጅሙ። ለሱ ስጪልኝ። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ያመጣታል። ከመነሳታቸው በፊት ተቀምጣችሁ፣ ቃሉን ንገሪያት።

የተቻኮለው አጎትሽ


ሞስኮ፣ ኦገስት 14 ቀን 1957

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ስለ ዓይንዎ እግዜር ይመስገን።

ሳቭቫ አሁን ባይመጣ ይሻላል። ለሥራ ከውሾቹ ጋር ሩቅ አገር እሄዳለሁ፣ ሙቀት ነው። ስመለስ እጽፋለሁ።

ቋሊማ፣ ሻይ፣ አራት ቆርቆሮ ሥጋና የፍላኔል ሸሚዝ ልኬያለሁ።

ክላቭዲያ


ዛሬችዬ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1957

ለክላቭዲያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሳቭቫ ከሄደ በኋላ ነው። በርሽን ሲያንኳኳ ጎረቤትሽ ወጣች። ውሻ ከጁን ወዲህ አላየሁም፣ ልጅቷም የለችም ብላ ዘጋችበት። ባዶ ወንበር ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ በጠዋቱ ፊቴን ተላጭቼ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር፤ ፂሜን አይታ እንዳትደነግጥ ብዬ።

የላክሽው ጥቅል ደረሰ። አስተዋልሽ? ጥቅልሽ በከበደ ቁጥር ቃልሽ እየቀለለ ነው የሚመጣው። ቋሊማ መች ጠየቅኩሽ? ዝም አይነቅዝም ብለሽኝ ነበር። ይሄኛው ነቅዟል፣ ልጄ፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።

አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። አለች ወይስ የለችም?

ፕሮኮፊ

(ክላቭዲያ፣ እኔ ኡስቲንያ ነኝ። ይህን ሲያጽፈኝ አልተሳደበም። አንድ ስድብ አልወጣውም። ፈጥነሽ መልሽለት።)


ሞስኮ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1957

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሜቴልካ ደህና ናት። ገና ከእኛ ጋር ናት፤ ሥራው ሲያልቅ አመጣታለሁ። ብርዱ ሳይገባ ብዬ የሱፍ ቦት ጫማ፣ ለማንበቢያም መነጽር ልኬያለሁ።

ልጅዎ ክላቭዲያ


ዛሬችዬ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1957

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብሌን ለክላቭዲያ፣

ከእግርሽ ወድቄ ይቅር በይኝ እላለሁ! እኔ ሽማግሌው በሆዴ ሳማሽ፣ አንቺ ደግሞ መናገር የማትችይውን ትልቅ ነገር በሆድሽ ይዘሽ ኖሯል።

ሬዲዮው ተናገረ። ውሻ ሰማይ ላይ አወጡ፣ ምድርን እየዞረች ነው አለ። ትንሽ ሴት ውሻ፣ ትዕግሥተኛ። ኡስቲንያ ጋዜጣውን ይዛ እየሮጠች መጣች፣ በዚያ ዕድሜዋ! ስሟን ሌላ ብለው ጽፈዋል። ኡስቲንያ እሷ አይደለችም ብላ ተከራከረችኝ። አንቺ ሞኝ፣ አልኳት፣ ሰው እንኳ ሲመነኩስ ስሙ ይቀየራል፤ ሰማይ ለምትወጣ ውሻ መጥረጊያ የሚል ስም ይዘው ሬዲዮ ላይ ይቀርባሉ? በጠባብ ቦታ ሰዓታት ትቀመጣለች ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽልኝ የለ። ኃላፊው እንዲህ ያለች አላየሁም አለ ብለሽኝ የለ። ከሜቴልካ በቀር ማን ሊሆን!

የኅብረት እርሻው ሊቀመንበር ቮድካ ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ጋጣውን ሊያይ ይመጣል፤ እዚህ ነበር የምትተኛው እያልኩ አሳያለሁ። ስንት ዓመት ዞር ብሎ ያላየኝ ሰው ሁሉ፣ አሁን በየቤቱ ሻይ ጠጣ ይለኛል። ንጋት ላይ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። የገፈፋችሁልኝ ዓይን ለዚህ ነበር ለካ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ። የሚያወርዷት መቼ ነው? ኡስቲንያ ጋዜጣው ስለ መውረድ አይልም ትላለች፤ ዘልላው ይሆናል። የምታወርዷት ጊዜ በሩን የሚከፍተው ሰው ቃሉን ይወቅ፣ ለኃላፊው ንገሪው። «በይ፣ እግዜር ይምራን» ካላሏት አትነሳም። ደንግጣ ነው፣ ታማለች ብለው ያስባሉ። አልታመመችም፤ እየጠበቀች ነው በያቸው።

የሚኮራብሽ አጎትሽ ፕሮኮፊ


ሞስኮ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1957

አጎቴ ፕሮኮፊ፣

ይህን ለፖስታ አልሰጠሁትም። ሳቭቫ ቃጫ ጭኖ መጥቶ አገኘሁት፣ በእጁ ያደርስልዎታል። ለብቻዎ ያንብቡት፤ መነጽሩ ይረዳዎታል። ለኡስቲንያ አይስጧት፣ ካነበቡም በኋላ ያቃጥሉት። የተከለከለ ነው። ያንን ደብዳቤዎን ካየሁ ወዲህ ግን መዋሸት አልቻልኩም። እንቅልፍም የለኝም።

ሬዲዮ የተናገረላት ውሻ ሜቴልካ አይደለችም። ያቺም አትወርድም። መንኮራኩሩን ሲሠሩ መውረጃ አልሠሩለትም። ሞታለች።

ሜቴልካ የሞተችው ኦገስት 24 ነው። ምድርን የሚዞረው ከመላኩ በፊት ለሙከራ ሌላ ሮኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ውሾቹ የተቀመጡበት ሣጥን ይለያል፣ በፓራሹት ይወርዳል። ነገሩ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ልባቸውንና ትንፋሻቸውን ይለካሉ፤ ነገ ሰው ሲወጣ ይተርፍ እንደሆነ ለማወቅ። ብዙዎቹ በሕይወት ይመለሳሉ፣ እኔ ራሴ ተቀብዬ አቅፌያቸዋለሁ። የእሷ ፓራሹት በወጉ አልተከፈተም።

ይህ አደጋ ነው፤ ማንም አልፈለገውም። የኔ ግን አደጋ አይደለም፣ እሱን ልንገርዎ። የእኛ ውሾች ሁሉ ከሞስኮ ጎዳና የተለቀሙ፣ ባለቤት የሌላቸው ናቸው። የራስን ውሻ ማስገባት ክልክል ነው። ጁን ላይ ኃላፊው ቆሞ ሲያያት ኮራሁ ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ቀጥሎ የጠየቀኝን ግን አልጻፍኩም። «የማን ናት?» አለኝ። «የአጎቴ ናት» ማለት ብቻ ነበረብኝ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ሥራዬን፣ ክፍሌን፣ የሞስኮ መኖሪያ ፈቃዴን አሰብኩ። «ከመንገድ ላይ ያገኘናት ናት» አልኩ። እሱም መዝገብ ላይ ጻፋት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ኦገስት ገባ። በደብዳቤዎ ፊቷን ልየው ሲሉ አነበብኩና አለቀስኩ፤ በማግስቱም ሄጄ አልተናገርኩም።

በዚያ ቀን ጠዋት፣ ሣሩ በፀሐይ በነደደ ሜዳ ላይ፣ ልብሷን አለበስኳት፣ ሽቦዎቹን አያያዝኩላት። ሣጥኑ ውስጥ ስትገባ እየተንቀሳቀሰች አስቸገረች፤ ፈርታ ነበር። ኃላፊው «እንደለመድሽው አድርጊ» አለኝ። የዕቃ ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ዓይኗን ወደኔ አድርጋ ተቀመጠች፣ ረጋ አለች። ወታደሮቹ ሳቁ። አጎቴ፣ ለመንገድ የተቀመጥን መስሏት ነው። ተነስቼ ቃሉን ልነግራት አልቻልኩም፤ ከነገርኳት ትነሳለች፣ ከተነሳች ሽቦው ይነቀላል። ዝም ብዬ ተነሳሁ። በሩን እያየችኝ ዘጉት።

ያገኟት እንደተቀመጠች ነው አሉ። ማሰሪያው ነው የያዛት አሉ። እኔ አላመንኩም።

ፎቶዋን ከመዝገቡ ሰርቄ ልኬልዎታለሁ። ከሥራ የሚያስባርር ነው፤ ያኔ መድፈር የነበረብኝን አሁን ደፈርኩ። ዓይኗ ቡና ዓይነት ነው። ይቅር ይበሉኝ አልልም፣ ለየትኛው ጥፋቴ እንደምለው አላውቅም።

ክላቭዲያ


ዛሬችዬ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1958

ለክላቭዲያ፣

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። አምስት ዓመት ስላልጻፍኩ ፊደሉ እንደ ሰካራም ቢሄድብሽ ታገሺው። ኡስቲንያ ምንም አላወቀችም። መንደሩም አላወቀም፤ ውሻችን ሰማይ ላይ ነች ይላሉ፣ እኔም እሷ አይደለችም ብዬ አልነገርኳቸውም። ሊቀመንበሩ በጋጣው በር ላይ ሰሌዳ ሊሰቅል ነው። ሻዩን ግን መጠጣት ትቻለሁ።

ደብዳቤሽን አቃጠልኩት። ፎቶውን አላቃጠልኩም።

አየኋት። አፏ ዙሪያ ሸብቷል፤ ለካ አብራኝ አርጅታ ኖሯል፣ እኔ ሁልጊዜ ቡችላ ትመስለኝ ነበር። ጆሮዋ እጄ እንደሚያውቀው ነው። የምታየው ከፎቶ አንሺው ጎን ያለ ሰው ነው፤ አንቺን መሆኑ ገባኝ። እምነቷን አየሁት። ይህን ባላየሁ ብዬ ሐኪሙን ረገምኩት።

ቋሊማውንና ቆርቆሮ ሥጋውን ለኡስቲንያ ውሻ ሰጠሁት። ቦት ጫማውን ሳቭቫ ይመልስልሻል። መነጽሩን አስቀርቻለሁ፣ ያለሱ ፎቶውን አላየውም።

የገና ዕለት ጠዋት ቆቤን ደፋሁ። ፎቶውን ወለሉ ላይ ቦት ጫማዬ አጠገብ አቆምኩትና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ምድጃው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ተነሳሁና «በይ ሜቴልካ፣ እግዜር ይምራን» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሩቅ ናትና። ኡስቲንያ በመስኮት ሰምታ ሽማግሌው አበደ ብላ አውርታለች።

አንቺን ልረግምሽ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የስምንት ዓመት ልጅ አጥንት፣ እግሯ ላይ ውሻ የተኛባት ልጅ ናት። ያቺን ልጅ ስምንት ዓመቷ ላይ ያስፈራት ነገር፣ ረሃቡና ቤት ማጣቱ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ይህን አውቄዋለሁ፣ ማወቄ ግን ቁስሌን አላሻረልኝም።

በፀደይ፣ የወንዙ በረዶ ሲፈታ ነይ። ጥቅል አትያዢ። አልጋሽ ያው ምድጃው ጎን ነው፣ በሩም አይቆለፍም፤ የፈለግሽውን ያህል ቆዪ።

ስትሄጂ ግን ለመንገድ አንቀመጥም።

ፕሮኮፊ